በዳዊቱ ውስጥ የተገኘው ቁጥር

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ራሴ ብነግራችሁ ይሻላል። ኮምቦልቻ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር አንድም ተማሪ ገርፌ አላውቅም፤ ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ አባቱ ይመጣብኛል ብዬ ነው። ባለቤቴ ራሂማ ጓዳ ውስጥ አይጥ ካየች እኔን ትታ ጎረቤት ነው የምትጠራው። ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ "ይሄ ልጅ ለእኔም አይሆን" ትል ነበር።

ያም ሆኖ አንድ ደፋር ወዳጅ አለኝ። መሪጌታ ወልደ ሚካኤል ይባላሉ። ኩታበር ውስጥ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የቤተ ክህነት ሰው ናቸው። የተዋወቅነው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደሴ መናኸሪያ ነው። ሚኒባስ እስኪሞላ ስንጠብቅ ከፊታችን የቆመውን መኪና ታርጋ አዩና "ይህ በሰባት ይገባል" አሉ ለራሳቸው፤ ያለ ትርፍ ይካፈላል ማለታቸው ነው። እኔም ሳላስበው "በአሥራ ሦስትም ይገባል" አልኩ። ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቁጥር እንላላካለን።

ጨዋታችን ቀላል ነው። አንዳችን ትልቅ ቁጥር ይልካል፣ ሌላው ይሰብረዋል። መስበር ማለት ከዚያ ወዲያ የማይከፈሉት እስኪቀሩ ድረስ ማካፈል ነው። ሠላሳ ቢሰበር ሁለት፣ ሦስትና አምስት ይሆናል፤ እነዚህን ደግሞ ማንም አይሰብራቸውም። እኛ ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር እንላቸዋለን። መሪጌታ "መናኝ" ነው የሚሏቸው። ከአንድና ከራሳቸው በቀር ደጃቸውን የሚረግጥ የለምና። እኔም ለምጄ መናኝ ማለት ጀምሬአለሁ።

ስልክ አላቸው፣ ግን ቁጥር በስልክ አይልኩም፤ በወረቀት፣ በግዕዝ አኀዝ ጽፈው በሾፌር ይልኩልኛል። ስልኩ ላይም የማንንም ስም አይመዘግቡም። የወዳጆቻቸውን ቁጥር ሁሉ አንድ በአንድ ሰብረው በቃላቸው ስለያዙት ማን እንደደወለ አይተው ያውቃሉ። እኔ ስደውል ገና አፌን ሳልከፍት "ባለ ሁለት አሥራ ሰባቱ" ይሉኛል፤ ቁጥሬ ሁለት ጊዜ በአሥራ ሰባት ይገባል። ራሂማ ይህን ሁሉ እያየች "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ትለን ነበር። ምን ያህል እውነቷን እንደሆነ ያወቅሁት ትናንት፣ ቅዳሜ ነው።

ዒድ አልፎ ሳምንት ሆኖናል። የመሪጌታ ሁዳዴ ግን ገና አላለቀም። በዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚያደርጉት ሊጠይቁን ይመጣሉ ተብሎ ራሂማ ከማለዳ ጀምራ ጉድ ጉድ ትላለች። እቤታችን ለብቻው የሚቀመጥ አንድ ድስት አለ፤ ሥጋ ነክቶት አያውቅም፣ ቅቤም ነክቶት አያውቅም። የመሪጌታ ድስት እንለዋለን። በእሱ ሽሮ ሠርታ፣ በጎን ምስር አልጫ ጥዳ፣ "መጡ?" እያለች ወደ በሩ ታያለች። በሩ ሲንኳኳ ግን የመጣው ቁጥር የሚያመላልስልን ሾፌር ሚስባህ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

"መምህር፣ መሪጌታን ኬላው ላይ ይዘዋቸዋል" አለኝ። "ሲፈትሹ ከዳዊታቸው ውስጥ ወረቀት አገኙ። በግዕዝ ቁጥር ተጽፎበታል። ከላዩ ለመምህር ሀምዱ ይላል።"

"እና?"

"ምስጢር ነው አሉ። የሰው ብዛት ነው፣ የመሣሪያ ቁጥር ነው፣ ብቻ አንዳች ነገር ነው አሉ። መታወቂያዬን ይዘው እርስዎን ይዤ እንድመጣ ላኩኝ። ወላሂ እኔ የለሁበትም።"

በእነዚህ ዓመታት ኬላ ላይ ተይዞ "ለጥያቄ ነው" ተብሎ ከሄደው ሰው ሳይመለስ የቀረ አለ። ያልተመለሱትን በስም አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ የትምህርት ቤታችን የባዮሎጂ መምህር ነበር። ልቤ "አመመኝ በል፣ ተኛ" አለኝ። ሚስባህ መታወቂያው ባይያዝ ኖሮ ይህን ሳላደርግ አልቀርም ነበር። ራሂማ ግን ጃኬቴን አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችው።

"አብሽር" አለችኝ። "ቁጥር መሆኑን ትነግራቸዋለህ፣ ይዘሃቸው ትመጣለህ። ምግቡ እንዳይበርድ።"

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ እንደ ትናንት ረዝሞብኝ አያውቅም። ሚስባህ ያወራል፣ እኔ አልሰማም። ምን እንደምናገር አሰናዳሁ፤ ወዳጄ ናቸው፣ በቁጥር እንጫወታለን፣ ሌላ ነገር የለውም። ደጋግሜ አጠናሁት። መኪናው ሲቆምና መንገዱ ላይ የተደረደረውን የኬላ ድንጋይ ሳይ ያጠናሁት ሁሉ ከራሴ ጠፋ።

ከመንገዱ ዳር ባለ ቆርቆሮ ክፍል አስገቡኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ጠመንጃ። ከጠረጴዛው ኋላ ምንይሉ የሚሉት ኃላፊ ተቀምጦ ሽምብራ ቆሎ አንድ አንድ እያለ ይቆረጥማል። ዕድሜው ሠላሳ ቢሆን ነው። መሪጌታ ጥግ ላይ ካለች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጥምጣማቸው ተፈትቶ ነበርና በቸልታ መልሰው ጠምጥመውታል። ሲያዩኝ ዓይናቸው በራ። እኔ ግን ጠመንጃውን ነበር የማየው።

"ሀምዱ አንተ ነህ?" አለ ምንይሉ።

"ነኝ።"

"እኚህን ሰው ታውቃቸዋለህ?"

ያን ጊዜ የወጣውን ቃል እኔ አላዘዝኩትም ብል ማን ያምነኛል? "አላውቃቸውም" አልኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው ብል የትም አልደርስበትም። መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። ምንይሉ ወደ እሳቸው ዞሮ "እርስዎስ አባ?" አላቸው። ቀና ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ። በሕይወታቸው ዋሽተው አያውቁም ብዬ አምናለሁ።

"አላውቀውም ልጄ" አሉ። "ኮምቦልቻ ውስጥ ሒሳብ የሚያውቅ መምህር አለ ሲባል እሰማ ነበር። ይህን ይሰብረው እንደሆን ልፈትነው ብዬ ነው።"

ለእኔ ሲሉ ነው የዋሹት። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ማፈር ነበረብኝ። የተሰማኝ ግን እፎይታ ነበር።

ምንይሉ ወረቀቱን ገልብጦ አየው። "ስለ መስበሩማ ነግረውኛል፣ አንተ ሳትመጣ ሙሉ ትምህርት ሰጥተውኛል" አለ። "እንግዲያው ስበሩት። አንተ እዚህ፣ እሳቸው ውጭ። መነጋገር የለም።" መሪጌታን አንድ ጠባቂ ይዟቸው ወጣ። ለእኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ተገፋልኝ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው፦ ፳፭፻፺፪፼፵፰፻፺፱። ሃያ አምስት ሚሊዮን፣ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት ሺህ፣ ስምንት መቶ ዘጠና ዘጠኝ። በቁጥራችን ገልብጬ 25,924,899 ብዬ ስጽፍ እስክሪብቶው ከእጄ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ተማሪዎቼን "ስትፈሩ አኀዞቹን ደምሩ" እላቸው ነበርና ደመርኳቸው፤ አርባ ስምንት። ስለዚህ በሦስት ይገባል። ከፈልኩት፣ 8,641,633 ሆነ። ይህ በሰባት ገባ፣ 1,234,519 ወጣኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ሁለት ሦስት አራት አምስት ብሎ ሲጀምር አይቼ እስቅ ነበር። በአሥራ አንድ፣ ቀጥሎ በአሥራ ሦስት ከፈልኩት። 8,633 ቀረ።

8,633 እንቢ አለ። በአሥራ ሰባት ሞከርኩ፣ በአሥራ ዘጠኝ፣ በሃያ ሦስት። የምንይሉ ጥርስ ሽምብራውን ሲሰብረው ይሰማኛል። ዘጠና ሦስት በራሱ ሲባዛ ከዚህ ቁጥር ስለሚበልጥ እስከ ዘጠና ሁለት ድረስ ብቻ መሞከር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ ቁጥሩን ያጠፋብኛል። ሰባ ሦስት፣ አይሆንም። ሰባ ዘጠኝ፣ አይሆንም። በሰማንያ ሦስት ስከፍለው አንድ ብቻ ተረፈኝ፤ ለአንዲት ብቻ ሲል ሳይገባ መቅረቱ ሊያሳብደኝ ደረሰ። ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ቁልጭ ብሎ ገባ፣ ዘጠና ሰባት። እኚህ ሽማግሌ ሆን ብለው ነው እዚያ የደበቁት፣ ሰነፍ ደክሞት ከሚመለስበት አለፍ አድርገው።

3፣ 7፣ 11፣ 13፣ 89፣ 97 ብዬ ጻፍኩና አስረከብኩ። ጥቂት ቆይቶ የመሪጌታ ወረቀት ገባ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ድቁና ሳይኖረው አይቀርም፣ የግዕዙን አኀዝ አነበበለት፦ ሦስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት፣ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ዘጠና ሰባት። አልሐምዱሊላህ አልኩ በሆዴ። ፈገግ ሳልልም አልቀረሁም።

ምንይሉ ግን መቆርጠሙን አቆመ።

"አትተዋወቁም ብላችኋል" አለ።

"አዎ።"

"ተያይታችሁም አታውቁም።"

"አዎ።"

"ታዲያ ስድስቱም አንድ ዓይነት? በተርታቸው ሳይቀር?" ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ በጣቱ መታቸው። "ይሄ አስቀድሞ የተነጋገራችሁበት ነው። አንዱ ቁጥሩን ያሳያል፣ ሌላው እነዚህን ስድስቱን ይመልሳል፣ በዚያ ትተዋወቃላችሁ። እንደ ይለፍ ቃል። ደሴ ደውሉና መኪና ይላኩ፣ ሁለቱንም ይውሰዷቸው።"

ራሴ የቆፈርኩት ጉድጓድ ነው። እንተዋወቃለን ብል ውሸታም ነኝ፤ አንተዋወቅም ብል መልሳችን የሴራ ነው። ጠባቂው ሊደውል ወጣ። ያን የባዮሎጂ መምህር አሰብኩ፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆማ ደመወዙ ያልተቆረጠ እንደሆነ ትጠይቃለች። ራሂማ በሩ ላይ ቆማ ስትጠይቅ ታየችኝ። ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ ብቻ የክፍል ውስጥ ድምፄ መጣ።

"ማንም ሰው ቢሰብረው እነዚሁ ናቸው የሚወጡት" አልኩ። "የትም ይጀምር፣ በየትም ይዙር፣ ቻይና ያለ ሰውም ቢሆን። አንድ ቁጥር ሁለት ዓይነት ስባሪ የለውም። ራስዎ ይሞክሩት።"

"እኔ?"

"ስልክዎ ላይ ማስያ አለ። ከፈለጉት ይጀምሩ። ነጥብ ከመጣ አልገባም ማለት ነው፣ ሌላ ይሞክሩ።"

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ስልኩን አወጣ። ሊያሳስተኝ ፈልጎ ይመስለኛል በሦስት ሳይሆን በአሥራ ሦስት ጀመረ። ገባለት። ቀጥሎ በሦስት፣ ከዚያ በአሥራ አንድ፣ ከዚያ በሰባት። በሌላ መንገድ ሄዶ እዚያው 8,633 ላይ ደረሰ። ቅንድቡ ትንሽ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ግን ነጥብ በነጥብ ሆነበት። በሃያ ሞከረ፣ በሃያ አምስት ሞከረ፣ በአርባ ሞከረ። እነዚህ እንደማይገቡለት ልነግረው አልደፈርኩም። አርባ ሰባት ላይ ሲደርስ ስልኩን አስቀመጠው።

"ይሄ አይሰበርም። የእኔ አምስት ሆነ፣ የእናንተ ስድስት። ልዩነቱ ላይ ያዝኳችሁ።"

"ይቀጥሉ" አልኩት። ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ። "በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ትንሽ ይቀጥሉ።"

"እስከ ስንት?"

"እስከ ዘጠና ሁለት። ከዚያ ካለፈ እርስዎ ልክ ነዎት፣ ይውሰዱን።"

ከውጭ ጠባቂው በስልክ ሲያወራ ይሰማል፤ መኪናው ሊነሣ ነው። ምንይሉ እያጉረመረመ ስልኩን መልሶ አነሣ። ሃምሳ ሦስት። ሃምሳ ዘጠኝ። እኔ እየነገርኩት ነበር፣ እሱ እየነካ። ስድሳ አንድ፣ ስድሳ ሰባት፣ ሰባ አንድ። ስድሳዎቹ ላይ ሰለቸው፣ ሰማንያ ሦስት ላይ ሊተወው ነበር። ሰማንያ ዘጠኝን ስለው ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ነጥብ የለውም" አለ። ከዚያ በቀስታ፣ "ዘጠና ሰባት።" ሁለቱን ወረቀቶች አየ፣ ስልኩን አየ። "ዘጠና ሰባትስ፣ ይሰበራል?"

"አይሰበርም፣ መናኝ ነው" አልኩ።

ቃሉ ካፌ ሲወጣ ነው የገባኝ። ምንይሉ ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ ተደገፈ።

"መናኝ" አለ። "ይህን ቃል ጠዋት ከአባ አፍ ሰምቼዋለሁ። በየትኛው መጽሐፍ አለ ብላቸው የራሴ ነው፣ እኔ ነኝ ያወጣሁለት አሉኝ። አንተ ከማን ሰማኸው?"

ምንይሉ መልሴን አልጠበቀም። ወደ ውጭ ጮኾ ጠባቂውን "መኪናው ይቅር በላቸው" አለው፤ መሪጌታንም አስገባቸው። ወዲያው እፎይ ብዬ ልወድቅ ስል ፊቴ ቆመ።

"ቁጥሩ አልዋሸኝም" አለ። "የዋሻችሁኝ እናንተ ናችሁ። ገና ስትገባ ወዳጄ ናቸው ብትለኝ ኖሮ ሻይ ጠጥታችሁ በሄዳችሁ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። ታውቃቸዋለህ?"

አሁን ማለት ይቻል ነበር። በሩ ተከፍቶልኛል፣ ሰውየው ራሱ ከፍቶልኛል። ግን ወጥመድ ቢሆንስ? ውሸታም ብሎ ቢይዘኝስ? መሪጌታ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ዳዊታቸው በብብታቸው ነው።

"አላውቃቸውም" አልኩ።

ምንይሉ ራሱን ነቀነቀ። "እሺ። የማይተዋወቅ ሰው አብሮ አይሄድም። አባን ወደ ደሴ በሚወጣው መኪና አሳፍሩልኝ። አንተ ወደ ታች ውረድ።" የሚስባህን መታወቂያ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። የቁጥሩን ወረቀት ግን አልመለሰም።

ጤፍ ጭኖ ወደ ደሴ የሚወጣ አይሱዙ አስቆመው አሳፈሯቸው። በፊቴ ሲያልፉ ቆም አሉና "ደህና ይዋሉ መምህር" አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት አንተ ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠባቂዎቹ እያዩን ስለነበር እጃቸውን እንኳ አልጨበጥኩም።

ራሂማ በሩ ላይ ነበረች። "የታሉ?" አለች። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፈሪ ነኝ እንጂ ለእሷ አልዋሽም። ከመጀመሪያው አላውቃቸውም እስከ መጨረሻው ድረስ ሰማችኝ። አልተቆጣችም። ተነሥታ የመሪጌታን ድስት ከደነች።

"ደውልላቸው" አለች።

"ስልኩ ይጠለፍ ይሆናል።"

"ይጠለፍ። ደውል።"

ደወልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ጠራ። ተነሣ። ባለ ሁለት አሥራ ሰባቱ እስኪሉኝ ጠበቅሁ።

"ማን ልበል?" አሉ።

ይህን ጠይቀውኝ አያውቁም። ተቀይመው ይሁን፣ ወይስ የሚሰማ ጆሮ ቢኖር ብለው እንደገና ሊሸፍኑኝ፣ ከድምፃቸው መለየት አልቻልኩም። ሁለቱም አስፈራኝ። ዘግቼው "አያነሡም" ብላት ራሂማ ታምነኛለች። አውራ ጣቴ መዝጊያው ላይ ነበር።

"ሀምዱ ነኝ" አልኩ። ቀጥኖ ስለወጣ ደገምኩት። "የሚያውቁኝ ሀምዱ። ወዳጅዎ። እዚያም እንዲህ ማለት ነበረብኝ።"

ስልኩን ከጆሮዬ ጋር አጣብቄ ጠበቅሁ።

"ራሂማ ምን ሠርታ ነበር?" አሉ በመጨረሻ።

"ሽሮና የምስር አልጫ።"

"ድስቴን ማን ነካው?"

"ማንም አልነካውም።"

"እንግዲያው ምግቡን ለጎረቤታችሁ ለወለተ ማርያም ስጧት፣ እንዳይበላሽ። ሰኞ በጠዋት እመጣለሁ፣ አዲስ ትሥራልኝ።"

"በየት በኩል መሪጌታ?"

"ሌላ መንገድ አለ እንዴ? በዚያው ነው። ወዴት ነው ቢለኝ፣ ወዳጄ ሀምዱ ዘንድ ነው እለዋለሁ። ያ የኬላው ልጅ አንተንም ማስጠራቱ አይቀርም።" ትንፋሻቸው ተሰማኝ። "ሲያስጠራህ ምን እንደምትል አስብበት፣ ባለ ሁለት አሥራ ሰባቱ።"

እሺ አልኩ። ስልኩን ካስቀመጥኩት ጊዜ ጀምሮ የምለውን እያጠናሁ ነው። ዛሬ እሑድ ነው።